ሁለተኛው መስመር

ወይዘሮ ፈትለወርቅ የጠዋት ኪዳን ጸሎት የሚሰሙት ቴሌቪዥን ፊት ቆመው ነው። ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው፣ ጫማቸውን በሩ ሥር አውልቀው፣ በባዶ እግራቸው ሲሚንቶው ላይ ይቆማሉ። ጉልበታቸው ከያዛቸው ወዲህ ዳገቱን ወጥተው ቤተ ክርስቲያን መድረስ አቅቷቸዋል፤ ፍልሰታ ከገባ ጀምሮ ግን ጠዋት ኪዳኑን፣ ቀትር ላይ ቅዳሴውን አንድም ቀን አላስታጎሉም። ያን ሰዓት ቤቱ ውስጥ ጮክ ብሎ መናገር የለም፣ ስልክ ማንሣት የለም፣ በእሳቸውና በቴሌቪዥኑ መካከል ማለፍማ ፈጽሞ የለም። ችግሩ ቤቱ ሁለት ክፍል ብቻ መሆኑ ነው። የልጃቸው ባል ምንተስኖት ከመኝታ ክፍሉ ወጥቶ ደጅ ለመድረስ የግድ በዚያ በኩል ማለፍ አለበት። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ቁም ሣጥኑን ታክኮ ይሾልካል። የዚያን ዕለት ዓርብም እንዲሁ ሲሾልክ አማቱ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሡ ትከሻውን ነካ አደረጉና፣ "ይኸን ያመጣህልኝ ልጄ፣ እመቤቴ ቤትህን ትሙላው" አሉት በሹክሹክታ። በየቀኑ ይሉታል። በየቀኑም አሜን ይላል።

ያመጣላቸው ነገር በመስኮቱ ጥግ ገብቶ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ የሚጠፋ ሰማያዊ ኬብል ነው። ቤቱ የተሠራው የሆስፒታሉ የኋላ አጥር ሥር ነው፤ ከመስኮቱ እስከ አጥሩ ያለውን ርቀት ዶሮ በአንድ ዝላይ ትሻገረዋለች። ምንተስኖት የሆስፒታሉ የኮምፒውተርና የኔትወርክ ባለሙያ ነው። አርብ ገበያ ከተማ ውስጥ የስልክ ኢንተርኔት ዝናብ በዘነበ ቁጥር ይጠፋል፤ ሲመጣም የሚበላው ካርድ በወር ደመወዝ የሚቻል አይደለም። ኬብሉ ከገባ ወዲህ ግን አማቱ ቅዳሴያቸውን፣ የሆስፒታሉ ነርስ የሆነችው ሚስቱ እድላዊት ከተረኝነት ስትመለስ ተከታታይ ድራማዋን፣ እሱም ቅዳሜና እሑድ ኳሱን ያያሉ። ጎረቤት ልጆቹን ለቤት ሥራ እያለ ይልካል። አከራያቸው እንኳ "ኢንተርኔት ያለው ቤት" ብለው ኪራዩ ላይ አምስት መቶ ብር ሲጨምሩ ምንተስኖት ሳይከራከር ከፍሏል። እድላዊት አንድ ጊዜ ብቻ፣ "ከሆስፒታሉ ነው እንዴ የሚመጣው?" ብላ ጠይቃው ነበር። "ትርፍ መስመር ነው፣ ያለ ሥራ የተቀመጠ" አላት። እሷም ያመነችውን ሰው ደግማ የምትጠይቅ ዓይነት ሴት አይደለችም፤ በዚያው ቀረ።

ያለ ሥራ የተቀመጠ መምሰሉስ እውነት ነበር። ሆስፒታሉ የበሽተኛውን ካርድ ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ሲያዛውር ሁለት ሰርቨሮች፣ ጽሑፉን ሁሉ የሚያከማቹ ትልልቅ ማሽኖች፣ መጡለት። አንዱ በአሮጌው ሕንፃ ከካርድ ክፍሉ አጠገብ፣ ሌላው በአዲሱ ሕንፃ፣ ተኝተው የሚታከሙት ካሉበት ዋርድ ሥር ተተከለ። አንዱ ዋና ሆኖ ይሠራል፤ ሌላው ዋናው የጻፈውን ሁሉ እግር በእግር እየገለበጠ ይጠብቃል። ዋናው ቢቃጠል ተጠባባቂው ወዲያው ቦታውን ይይዛል፤ ሐኪሙም ነርሷም ምንም ሳይሰሙ ሥራው ይቀጥላል። ለዚህ ሲባል ሁለቱ ከሌላው ኔትወርክ የተለየ የግላቸው መስመር አላቸው። በእሱ ያለማቋረጥ "አለሁ፤ አንተስ አለህ?" ይባባላሉ። ይህ መስመር ከተቋረጠ ጉዱ ይፈላል፤ እያንዳንዱ ጓደኛው የሞተ ይመስለውና ሁለቱም ዋና ይሆናሉ፣ ሁለቱም የየራሳቸውን ይጽፋሉ። ስለዚህ የግል መስመሩ አንድ ሳይሆን ሁለት ሆኖ ነው የተዘረጋው፤ አንዱ በኮርኒሱ ውስጥ፣ ሌላው ሆን ተብሎ በሌላ አቅጣጫ፣ በኋላ አጥሩ በኩል በላስቲክ ቱቦ። አንዱ ቢበጠስ ሌላው አለ። ይህን ሁሉ ምንተስኖት ማሽኖቹን ከተከሉት መሐንዲሶች አፍ ሰምቶ በደንብ ያውቀዋል። ባለፈው ጥር ግን ያ ሁለተኛው መስመር በመስኮቱ ሥር ሲያልፍ፣ ከተዘረጋ ጀምሮ ለአንድም ጉዳይ ሳይፈለግ፣ እያየው መኖር አቃተው። ቆረጠው። አንደኛውን ጫፍ ከሆስፒታሉ ኢንተርኔት ጋር አገናኝቶ ሌላውን ወደ ቤቱ አስገባ። ማሽኑ መስመር ጎደለኝ እያለ የሚያበራውን ቀይ ማስጠንቀቂያም አጠፋው። አንዱ ይበቃል አለ ለራሱ።

ሌሊቱን ሲዘንብ ያደረው መንገድ ጭቃ ብቻ ሆኖ ነበር። ገበያተኛው ድንችና ገብስ በአህያ ጭኖ ከቆላውም ከደጋውም እየገባ፣ አህዮቹ ሆስፒታሉ በር ላይ ካለው አስፋልት ቁራጭ ሲደርሱ እየተንሸራተቱ፣ ባለቤቶቹ ጅራታቸውን ይዘው እየደገፉ ያልፋሉ። በበሩ በኩል ደግሞ አራት ጎልማሶች ቃሬዛ ተሸክመው ገቡ። ቃሬዛው ላይ በጋቢ የተጠቀለሉት ሽማግሌ መሪጌታ ገብረ ኢየሱስ ነበሩ፤ የቤተ ልሔም ደብር የድጓ ዜማ መምህር። ምንተስኖት ተማሪያቸው ሆኖ ባያውቅም ያወቃቸው ገና በሩቁ ነው፤ በጋይንት ምድር በዓመት በዓል ማኅሌት ቆሞ ድምፃቸውን ያልሰማ ማን አለ? አሁን ግን ከጋቢው ውስጥ የሚሰማው እንደ ወናፍ የሚጎተት ትንፋሽ ብቻ ነበር። ልጃቸው ብርነሽ፣ እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ የለበሰ ሴት፣ ከጎን ከጎን እየሮጠች ከፊታቸው ላይ ዝንብ ትከላከላለች።

በአሮጌው ሕንፃ ያለው የተመላላሽ ክፍል ኮምፒውተር ጠዋት አልነሣ ብሎ ስለነበር ምንተስኖት ቀጥታ ወደዚያ ሄደ። እሱ ጠረጴዛው ሥር ተንበርክኮ ሽቦ ሲያጠብቅ መሪጌታን አስገቧቸው፤ ኮምፒውተሩ ሲነሣም የክፍሉ መርማሪ ሐኪም እየጠየቀ መጻፍ ጀመረ። የሳንባ ምች ነው አለ። "የማይስማማቸው መድኃኒት አለ?" ሲል ብርነሽ ቃሉን ከአፉ ነጠቀችው። "አለ እንጂ! ፔኒሲሊን የሚሉት። አምና አንድ ክሊኒክ ወግተዋቸው አንገታቸው አብጦ፣ ትንፋሻቸው ተዘግቶ፣ ሞቱ ብለን አልቅሰን ነበር። እባክህ ወንድሜ፣ ጻፍልኝ።" መርማሪው ጻፈ። ቀይ ሆኖ በስማቸው ራስጌ ሲወጣ ምንተስኖት በዓይኑ አየው፤ ብርነሽም ፊደል ባትለይ ቀዩን አይታ እፎይ አለች። ከዚያ ወደ ዋርድ ላኳቸው።

የአዲሱ ሕንፃ ኮርኒስ ሲያፈስ ስለከረመ ጠዋቱን ጣሪያ ጠጋኞች ገብተውበት ነበር። ከላይ ኮቴያቸው ይሰማል፣ አቧራ ይረግፋል። ምንተስኖት ክፍሉ ገብቶ ገና ሳይቀመጥ ስልኩ ጮኸ። ከዋርዱ እድላዊት ናት።

"ምንቴ፣ አሁን የገቡት ሽማግሌ ኮምፒውተሬ ላይ የሉም። መሪጌታ ገብረ ኢየሱስ። ስማቸውን ደጋግሜ ፈለግሁ።"

"ቆይ እስቲ ልይ።"

አየ። አሮጌው ሕንፃ ያለው ማሽን ዋናው እኔ ነኝ ይላል። አዲሱ ሕንፃ ያለውን ከፈተ፤ እሱም ዋናው እኔ ነኝ ይላል። ወዲያው ገባው። ጠጋኞቹ ኮርኒሱ ውስጥ ያለውን መስመር ረግጠው በጥሰውታል፤ ሁለተኛው ደግሞ ቤቱ ነው፤ አማቱ ፊት ለፊት። በአሮጌው ሕንፃ የተጻፈው በአዲሱ አይታይም፣ በአዲሱ የተጻፈው በአሮጌው አይታይም፤ ሆስፒታሉ ሳያውቀው ለሁለት ተከፍሏል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ምን እንደሚደረግ ያውቅ ነበር። ለየክፍሉ ደውሎ "ኮምፒውተሩን አትመኑ፣ በወረቀት ጻፉ፣ በሽተኛውን እንደገና ጠይቁ" ማለት ነው። ግን ያን ካለ "ምን ሆነ?" ይባላል፤ "መስመር ተበጠሰ" ሲል "ሁለተኛውስ?" ይባላል። ስልኩ ውስጥ እድላዊት እየጠበቀች ነው።

"እንደ አዲስ ልመዝግባቸው?" አለችው።

"እሺ፣ መዝግቢያቸው። አሁን አስተካክለዋለሁ።"

መሰላል ይዞ ወደ ኮርኒሱ ወጣ። የቸኮለው ሰው እንዳያውቅበት ነው። በአቧራና በአይጥ ኩስ ውስጥ እየዳኸ የተበጠሰውን አገኘና ቀጠለው። መቀጠሉ ብቻ ግን አይበቃም። ሁለቱ ማሽኖች ሲገናኙ የአንዱ ጽሑፍ ይቆያል፣ የሌላው ይጠፋል፤ የትኛው እንደሚቆይ የሚመርጠው እሱ ነው። አሮጌው ሕንፃ ካርድ ክፍሉን ስለያዘ ብዙ በሽተኛ የተጻፈው እዚያ ነው። እዚያው ኮርኒሱ ውስጥ ሆኖ በስልኩ ማሽኖቹን ከፍቶ እሱን መረጠ። ዋርዱ ጠዋቱን ሙሉ የጻፈው ተሰረዘ። "ሌላ ጊዜ ደግመው ይጽፉታል" አለ። ከመሰላሉ ሲወርድ ነበር ከዋርዱ በኩል የሴት ጩኸት የሰማው።

ሮጦ ደረሰ። ብርነሽ ደጃፉ ላይ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና ትጮሃለች፤ ከፋርማሲ ገዝታ የመጣችው ጓንትና ግሉኮስ መሬት ላይ ተበትኗል። አልጋው ላይ መሪጌታ ፊታቸው አብጦ፣ ከንፈራቸው ጠቁሮ፣ ጉሮሯቸው ያፏጫል። እድላዊት ጉልበቷን አልጋው ላይ አስደግፋ አድሬናሊን ጭናቸው ላይ ወጋች፤ ኦክስጅኑን አፋቸው ላይ አደረገች፤ "የኔታ፣ ይስቡ፣ ይስቡ፣ ይስቡልኝ" እያለች ደረታቸውን ትይዛለች። ቀስ በቀስ ፉጨቱ ቀነሰ። ከንፈራቸው ቀላ። ሰዉ ሁሉ እንደገና መተንፈስ የጀመረው ከእሳቸው ጋር ነበር። ጠረጴዛው ላይ ያለው ባዶ ብልቃጥ አምፒሲሊን ነው፤ የፔኒሲሊን ዘር። መድኃኒቱን ያዘዙት የሆስፒታሉ ኃላፊ ዶክተር ዘካርያስ ናቸው፤ ከኦፕራሲዮን ክፍል ሳይወጡ በስልክ፣ "የማይስማማቸው መድኃኒት እንዳለ አይተሽ ስጪ" ብለው። እድላዊት አየች። ምንም የለም። ሽማግሌው መናገር አቅቷቸው ነበር፤ ብርነሽ ፋርማሲ ናት። ሰጠች።

ዶክተር ዘካርያስ የኦፕራሲዮን ቆባቸውን ሳያወልቁ መጡና የነርሶቹ ጠረጴዛ ላይ ያለውን ኮምፒውተር ከፈቱ። የመሪጌታ ስም ወጣ፤ ከራስጌው ፔኒሲሊን አይስማማቸውም የሚለው ቀይ ጽሑፍ አብሮ ወጣ። ማሽኖቹ ከተገናኙ ገና ብዙም አልቆዩም፤ ማንም ግን ይህን አያውቅም። ዶክተሩ ኮምፒውተሩን ወደ እድላዊት አዞሩት።

"ይኸ ምንድን ነው፣ ሲስተር?"

እድላዊት ጎንበስ ብላ አነበበች። እንደገና አነበበች። "ቅድም አልነበረም" አለች።

"አልነበረም?"

"ጭራሽ ስማቸውም አልነበረም፤ እኔ ነኝ እንደ አዲስ የመዘገብኳቸው።"

"የት አለ የመዘገብሽው?"

ፈለገች። የለም። የጻፈችው ሁሉ፣ ሙቀታቸውን የለካችበት፣ የገቡበት ሰዓት፣ "አስታማሚ አልተገኘም" ያለችበት ሁሉ የለም። በሽተኞችና አስታማሚዎች ከየአልጋቸው አንገታቸውን አስግገው ይሰማሉ። ዶክተር ዘካርያስ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ስም በልዩ ልዩ ፊደል እንደሚጻፍ፣ ገብረ ኢየሱስን አንዱ አጣብቆ አንዱ ለያይቶ እንደሚጽፈው፣ አሳስታ ፈልጋ ሊሆን እንደሚችል ነገሯት። "መሳሳት ያለ ነው" አሉ፤ "ያላዩትን አየሁ፣ ያዩትን አላየሁም ማለት ግን ለነርስ አይሆንም።" ከዚያ ቀና ሲሉ በሩ ላይ አቧራ ለብሶ የቆመውን ምንተስኖትን አዩት። "አንተም አለህ? ደግ። እስቲ ባለሙያው ይንገረን፤ ኮምፒውተሩ ላይ ችግር ነበር?"

እድላዊት አየችው። ደውዬለት ነበር ብላ መናገር ትችላለች፤ ስልኩ ኪሷ ውስጥ ነው። አልተናገረችም። አየችው ብቻ። በዚያች ቅጽበት ምንተስኖት ያየው የዶክተሩን ፊት ሳይሆን አንድ ሰማያዊ ኬብል በመስኮት ሲገባ ነበር፤ ደመወዙን፣ ቤቱን፣ "ሌባ" የሚለውን ቃል አየ። አፉን ሲከፍት የወጣው ነገር ራሱንም አስደነቀው።

"ሲስተሙ ይሠራል" አለ።

ሐሰት አይደለም፤ አሁን ይሠራል። እድላዊት ዓይኗን ከእሱ ላይ አነሣች። ዶክተሩ ጉዳዩ በኮሚቴ እስኪታይ ወደ ቤቷ እንድትሄድ ነገሯት። ነጭ ጋዋኗን አውልቃ አጣጥፋ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችና በመካከላቸው አልፋ ወጣች። ብርነሽ ከኋላዋ፣ "ቀይ አድርጎ ጽፎልኝ ነበር እኮ! በዓይኔ አይቻለሁ!" ትላለች።

ምንተስኖት ቤት ሲደርስ ቅዳሴው መሃል ላይ ነበር። ወይዘሮ ፈትለወርቅ ነጠላቸውን አጣፍተው ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመዋል። ልጃቸው ያለ ሰዓቷ ለምን እንደመጣች መጠየቅ ፈልገው ቅዳሴ አቋርጠው መናገር አልሆነላቸው፤ በዓይናቸው ወደ መኝታ ክፍሉ ጠቆሙት። ጎንበስ ብሎ አለፈ። እድላዊት አልጋው ጫፍ ላይ ጫማዋን ሳታወልቅ ተቀምጣለች። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አልጋው፣ የልብስ ሻንጣው፣ በላዩ የተደራረበው ብርድ ልብስ፣ ግድግዳው ላይ የሠርጋቸው ፎቶ፣ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ቦታ ለአንድ ሰው ጉልበት አይበቃም። እሱ በሩን ተደግፎ ቆመ። ከወዲያ የካህኑ ድምፅ ይመጣል፣ የአማቱ ተሰጥዎ ከሥሩ ይከተላል።

"መደወሌን አልተናገርኩም" አለች በመጨረሻ፣ በሹክሹክታ።

"ለምን?"

"አንተ ትናገራለህ ብዬ።"

እጇን እያየች ነበር። "ዶክተር ያሉት እውነት ሳይሆን አይቀርም" አለች። "ኢየሱስን በየትኛው ፊደል እንደጻፍኩት አላስታውስም። ሌሊት ተረኛ ሆኜ ከሰነበትኩ ወዲህ ዓይኔ ይደክመኛል። ምናልባት ወጥቶ ነበር፤ እያየሁት ይሆናል ያላየሁት። መመዝገቤንም... የመዘገብኩ የመሰለኝ ይሆናል። ምንቴ፣ ሰው ያላደረገውን አደረግሁ ብሎ እንዲህ አጥርቶ ሊያስብ ይችላል?" ፊቷን ስታነሣ ምንተስኖት ያየው ንዴት ቢሆን ይመርጥ ነበር። ፍርሃት ነው ያየው፤ ራሷን የፈራች ሴት ፍርሃት። በዚህ ሁሉ ዓመት መርፌዋ ደም ሥር ስቶ የማያውቅ፣ ሌሎቹ ነርሶች ሕፃን ሲያስቸግራቸው የሚጠሯት ሴት ናት።

"አንቺ አልተሳሳትሽም" ሊል ነበር። ከወዲያ ወይዘሮ ፈትለወርቅ ሲሰግዱ ግንባራቸው ሲሚንቶውን ሲነካ ተሰማ። ሳይለው ቀረ።

እድላዊት ተነሣች። "ሄጄ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ" አለች። "ከኮሚቴው በፊት ከእሳቸው ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ። ድምፃቸው ቢዘጋ እኮ ነፍሴ አትማርም፤ በፍልሰታ የድጓ መምህርን ድምፅ የዘጋች ልባል?" ነጠላዋን ለበሰችና፣ ከእናቷ ፊት ሳይሆን ከኋላቸው፣ ግድግዳውን ታክካ ወጣች። እሱ ተከተላት። መንገዱን ሙሉ እሷ ፊት፣ እሱ ኋላ ሄዱ። ገበያው ሞቅ ብሎ፣ አንዲት ሴት "ሲስተር፣ እንቁላል አትወስጅም? ለፍስክ ይቆይልሻል" ስትላት እድላዊት ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ ፈገግታው መሃል ላይ ጠፋባት።

መሪጌታ ትራስ ተደራርቦላቸው ጋደም ብለው ነበር። እብጠቱ ጎድሏል፤ ዓይናቸው ግን ደም እንደለበሰ ነው። እድላዊት አልጋው ሥር ተንበረከከች፣ ግንባሯን ብርድ ልብሱ ላይ፣ እግራቸው ካለበት አደረገች። "የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝ። አይቼ እንዳላየሁ ሆኛለሁ። እንዴት እንደሆነ እኔም አላውቀውም፤ ግን እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ" አለች። ብርነሽ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሽማግሌው ለመናገር ሞከሩ፤ የወጣው ከደረቅ ቅጠል የማይሻል ሻካራ ድምፅ ነው። እጃቸውን አንሥተው ራሷ ላይ አኖሩት። እድላዊት እንደ ልጅ ተንሰቅስቃ አለቀሰች።

ምንተስኖት ያን እጅ ሚስቱ ራስ ላይ ሲያይ መቆሚያ አጣ። የሚያሳፍረው ነገር ሁሉ አንድ ላይ መጣበት፤ ኬብሉ፣ ስልኩ፣ "ሲስተሙ ይሠራል" ያለበት አፉ። ከሁሉ ይልቅ ግን ይህ፤ ሌላ ሰው በእሱ ቦታ ተንበርክኮ፣ የእሱን ይቅርታ ሲቀበል።

"የኔታ" አለ፣ "እሷ አይደለችም።"

እድላዊት ቀና አለች።

"ያልታያት ስላልነበረ ነው። ያን ሰዓት እዚህ ኮምፒውተር ላይ አልነበረም፤ ማሽኖቹ ተለያይተው ነበር። የጻፈችውንም ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ሳገናኛቸው። ደውላ ጠይቃኝ ነበር፤ አውቄ ዝም አልኩ።" ቃላቱ እየተደነቃቀፉ ነው የሚወጡት። ስለ ሁለቱ ማሽኖች፣ በመካከላቸው ስላለው መስመር፣ ስለ ጣሪያ ጠጋኞቹ ተናገረ። ከጎን ያለው አልጋ ላይ የነበረው በሽተኛ ሳይቀር ራዲዮኑን ቀነሰ።

ብርነሽ ከግድግዳው ዞራ ስታየው ቆይታ፣ "እኔ ያልተማርኩ ነኝ፤ አንድ ነገር ግን አልገባኝም" አለች። "ሁለት መስመር ነበራቸው ነው ያልከው?"

"አዎ።"

"ሁለተኛው የት ሄዶ?"

"እኔ ቆርጬው።"

"ለምን?"

"ቤቴ ኢንተርኔት ለማስገባት።"

"ለሥራ?"

ለአማቴ ቅዳሴ ማለት ይችል ነበር። ግማሽ እውነት ነው፤ ሰውም ያራራል። ዓይኑን ጥሎ፣ "ለቴሌቪዥን" አለ።

ማንም አልሰደበውም። ብርነሽ ጭቃ የደረቀበት እግሯን አየች፤ ቃሬዛውን ከቤተ ልሔም ጀምሮ ተከትላው የመጣችበትን እግር። ከዚያ የአባቷን ብርድ ልብስ አስተካከለች። እድላዊት ከተንበረከከችበት ተነሥታ ነጠላዋን አራገፈች፤ በአጠገቡ ስታልፍ ልብሷ እንዳይነካው ሰበሰብ አድርጋ አለፈች።

ዶክተር ዘካርያስ ዘንድ ሄዶ ያንኑ ደገመው። ዶክተሩ ጣታቸውን አቆላልፈው እስከ መጨረሻው ሰሙት፤ ከዚያም፣ "ጠዋት በሰው ፊት ጠይቄህ ነበር እኮ" አሉ፤ ከቁጣ ይልቅ ኀዘን ያለበት ነገር ነው። እሳቸውም ከእድላዊት ጋር ሲነጋገሩ የነበሩበትን ድምፅ ሳያስታውሱ አልቀሩም፤ ስልክ አንሥተው አስጠሯትና በሰው ፊት ይቅርታ ጠይቀው ወደ ሥራዋ እንድትመለስ ነገሯት። ለምንተስኖት ከሥራ የሚያግደው ደብዳቤ እስኪጻፍ ሁለተኛውን መስመር ወደ ቦታው እንዲመልስ አዘዙት። ይግዛው የተባለ የጥበቃ ሠራተኛ፣ እስከ ትናንት "ኢንጂነር" ይለው የነበረ ሰው፣ ዱላውን ይዞ ከኋላው ቆሞ ጠበቀው፤ መሣሪያ ይዞ እንዳይጠፋ።

አጥሩ ሥር ኬብሉን ሲስብ መስኮቱ ተከፈተ። "ልጄ፣ ጠፋብኝ እኮ" አሉ ወይዘሮ ፈትለወርቅ። ከዚያ ጥበቃውን አዩ፣ ኬብሉን አዩ፣ ፊቱን አዩ። ምንተስኖት አጥሩን ተደግፎ ሁሉንም ነገራቸው፤ በዚያን ቀን ለሦስተኛ ጊዜ፣ ከሁሉም የከበደው ግን ይኸኛው ነበር።

"የበሽተኛ ነበር?" አሉት።

"አዎ፣ እማዬ።"

"እኔ ስመርቅህ አሜን ትል ነበር" አሉና መስኮቱን ዘጉት።

መስመሩን መልሶ፣ ሁለቱም መስመሮች መሥራታቸውን ደጋግሞ አይቶ፣ ያጠፋውንም ማስጠንቀቂያ መልሶ አብርቶ ሲጨርስ ፀሐይ ወደ ስማዳ ተራሮች አዘቅዝቃ ነበር። የክፍሉን ቁልፍ ለይግዛው አስረከበ። ወደ ቤት መሄድ አልቻለም፤ ሌላ የሚሄድበትም አልነበረውም። ዋርዱ ደጃፍ ላይ አስታማሚዎች የሚቀመጡበት ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ፤ ጫፉ ላይ ተቀመጠ። አጠገቡ ያሉት ሰዎች ስለ ድንች ዋጋ፣ ወደ ወገዳ ስለሚወስደው መንገድ መበላሸት ያወራሉ፤ ማን እንደሆነ ሰምተው ይሁን ሳይሰሙ አላወቀም፤ ትንሽ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁለት። ብርነሽ ጠዋት ቃሬዛ የተሸከሙትን ሰዎች ልትሸኝ ወጥታለች።

በሩ ተከፈተ። እድላዊት ነጭ ጋዋኗን ለብሳ፣ ፀጉሯን ሸብ አድርጋ ብቅ አለች። "የመሪጌታ ገብረ ኢየሱስ አስታማሚ!" ብላ ተጣራች።

ማንም አልተነሣም። ደግማ ተጣራች። ምንተስኖት ሳያስበው ቆመ። እድላዊት አየችው። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ የምታየውን ያህል፣ ከዚያ ያልበለጠ ነው ያየችው።

"አስታማሚ ነዎት?" አለችው።

ከተዋወቁ ጀምሮ አንቱ ብላው አታውቅም። "ነኝ" አለ፤ ድምፁ ራቀበት።

"መጸዳጃ ቤት መሄድ ይፈልጋሉ። ይደግፏቸው፤ ቀስ ብለው ነው፣ ትንፋሽ ያጥራቸዋል" አለችና በሩን ለቀቀችለት።

መሪጌታ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው እግራቸውን አንጠልጥለዋል። ምንተስኖት ጎንበስ ብሎ ነጠላ ጫማቸውን አጠለቀላቸው፤ ክንዳቸውን በአንገቱ ላይ አዙሮ ወገባቸውን ያዘ። ከመሰለው ይልቅ ቀላል ነበሩ። ወደ ኮሪደሩ ወጡ፤ ትንሽ ይራመዱና ይቆማሉ፣ ትንሽ ይራመዱና ይቆማሉ። ሽማግሌው አንድ ጊዜ ሲቆሙ አንገታቸውን ዞር አድርገው በቅርብ አዩት።

"አንተ ነህ?" አሉት በዚያ ሻካራ ድምፅ።

"እኔ ነኝ፣ የኔታ።"

መሪጌታ ትንፋሻቸውን እስኪያገኙ ቆዩ። የሸሹት መስሎት ክንዱን ሊያላላ ሲል ክንዳቸው አንገቱ ላይ ከበደ።

"አጥብቀህ ያዘኝ እንጂ" አሉት፤ "እወድቃለሁ።"